በቀይ ክር የተሰፋው ፖስታ

ሰምሃል ፖስታ እንደምትሠራ ለሰው አታወራም ነበር። ኡራኤል አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ በአርባ ስድስት ዓመቷ መቀስና ኮላ ይዛ ወረቀት ስትቆርጥ ትውላለች ቢባል ማን ሳይስቅባት ይተዋታል? ጅማ ላይ ግን ነገሩ የሚገባው ሰው አላት፤ ጃለኔ የምትባል መምህርት። በቴሌግራም ተዋውቀው፣ በእጃቸው ያስጌጡትን ፖስታ ይላላካሉ። ጃለኔ የደረቀ አበባ ትለጥፋለች፤ ሰምሃል የጥለት ቁራጭ ትሰፋለች። ተደዋውለው አያውቁም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ አስቸኳይ ጊዜ በታወጀ ሰሞን፣ ሰምሃል ከአሮጌ የአዲስ አበባ ካርታ ፖስታ አጠፈች። ከካዛንቺስ እስከ ጎተራ ያለውን መንገድ በቀይ ክር ሰፋችው። ጃለኔ አንድ ቀን ስትመጣ አብረው ሊሄዱበት ነው።

እሁድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ፈታሾች ናቸው። ከሰፈሩ ትግርኛ ተናጋሪ ሲወሰድ ሰንብቷል። ሰምሃልን ከሁሉም በላይ ያሳሰቧት አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ናቸው፤ ወይዘሮ ማዕዛ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋቸውና ትግርኛ ብቻ ይናገራሉ።

«እማዬ፣ በናትሽ ምንም እንዳትናገሪ» አለቻቸው በሹክሹክታ።

ሦስት ሰዎች ገቡ፤ ጎረቤታቸው ጋሽ ፍቅሬ በታዛቢነት ተከትለዋል። ቁምሳጥኑ ተበረበረ፣ ፍራሹ ተገለበጠ። ከዚያ የወጣቱ ፈታሽ ዓይን ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፖስታ ነው።»

«ካርታ ነው እንጂ! ቀዩ መስመርስ?»

«ጌጥ ነው... ማለቴ፣ ለጓደኛዬ...»

«የት ላለች ጓደኛ?»

ጅማ ብትል ጃለኔንም እንዳታስጠረጥር ሰምሃል ፈራች። ይሄኔ ወይዘሮ ማዕዛ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል ዞረው በትግርኛ መጸለይ ጀመሩ። ፈታሾቹ ተያዩ። አለቀልን፣ አለች ሰምሃል በልቧ።

«ልጄ፣ እኔ አውቃታለሁ» አሉ ጋሽ ፍቅሬ። «ሥራዋ ወረቀት መቅደድ ነው። የልጄን የሠርግ ካርድ የሠራችው እሷ ናት።» እሳቸውም ፈርተዋል።

የፈታሾቹ አለቃ ፖስታውን ተቀብሎ ክሩን በጥፍሩ ሳበው። ውስጡን ገልብጦ አራገፈ፤ ምንም የለም።

«እንውሰዳት?» አለ ወጣቱ።

«ካርታውን ያዘው» አለ አለቃው። «እሷ ለጊዜው ትቆይ።»

«ለጊዜው» የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። የቀራትን ወረቀትና ጥለት ከሰል ላይ አቃጠለች። ከጃለኔ የመጣላትን ፖስታ ሳትከፍት ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ከረመች። ኋላ ግን ጨነቃትና ለመጀመሪያ ጊዜ ለጃለኔ ደወለች።

«ከእንግዲህ እንዳትልኪልኝ» ብላ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«የኛም ቤት ተፈትሿል» አለች ጃለኔ። «ወንድሜን ወስደውታል፤ ያለበትን አናውቅም። እንዳትፈሪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ሰምሃልዬ፣ እጄ መንቀጥቀጡን የሚተወው ላንቺ ፖስታ ስሠራ ብቻ ነው። እሱን እንኳ አትከልክዪኝ።»

ሰምሃል በማግስቱ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ነጭ ወረቀት ገዛች። ካርታ የለ፣ ክር የለ፤ ዝም ብላ አጣጥፋ በሯ የሚከፈት ትንሽ ቤት ሠራችና ላከችላት።

የጃለኔ ወንድም በዓመቱ ተፈታ። ሁለቱ ሴቶች ዛሬም ይላላካሉ። ሰምሃል ግን ሠርታ በጨረሰች ቁጥር እያገላበጠች ታየዋለች፤ «ይሄን የማያውቀኝ ሰው ቢያገኘው ምን ይለዋል?» ብላ ሳትጠይቅ አታሽገውም።