በጥላው ሥር ያሰመርኩት መንገድ

አባቴ የሚሠራው ሳውዲ ውስጥ፣ በደማምና በኾባር መካከል ባለ የቆሻሻ ማራገፊያ ግቢ ነው። ወደ ኋላ የሚገቡትን የቆሻሻ መኪኖች በእጁ ምልክት እየሰጠ ይመራል፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ፣ በጎማዎች መሐል። እኔ የሥራ ደህንነት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለልምምድ የተመደብኩትም እዚያው ግቢ ሆነ።

የግቢው ኃላፊ የኛው ሰው ነው። አማርኛ አሳምሮ ይናገራል፤ የሳውዲ ሰው አጠገቡ ካለ ግን አባቴን የሚያዘው በአረብኛ ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ አራት የደህንነት ምስክር ወረቀቶች ሰቅሏል። አንዱን ጠጋ ብዬ ሳነበው፣ የሁለት ሰዓት ስብሰባ ላይ ስለተገኘ የተሰጠው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቆሻሻ የሚዝቀው ሎደር ወደ ኋላ ሲሄድ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ለምን እንደማያሰማ በትሕትና ጠየቅኩት።

"ራሴን ያመኛል፣ ሽቦውን አስቆረጥኩት" አለ። "ሠራተኛው ዓይን የለውም እንዴ?"

ፈገግ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። እንዲወደኝ እፈልግ ነበር፤ የልምምድ ውጤቴን የሚሞላው እሱ ነው። ለእግረኛ ብቻ የሚሆን መንገድ በቢጫ ቀለም ላስምር ብዬ ስጠይቀው ፈቀደልኝ። ሦስት ቀን ተንበርክኬ ከግንቡ ሥር፣ በጥላው በኩል አሰመርኩት። ሰዎቹን ፀሐይ እንዳትጠብሳቸው ብዬ ነው። በዚያ ግቢ ከዚያ ሌላ ጥላ እንደሌለ እያወቅኩ ሌላም ጥላ ፈላጊ እንዳለ አላሰብኩም። በማግስቱ ኃላፊው ነጭ መኪናውን አምጥቶ በሁለቱ መስመሮቼ መካከል አቆማት።

"ማሻ አላህ፣ ልክ በልኳ ነው የሠራህላት!" አለኝ፣ ከልቡ ተደስቶ።

አንዱ ሠራተኛ "ተማሪው ለአለቃችን ለሙዲሩ መኪና ቤት ሠራላት" ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በዚያ ሳቅ እስካሁን አፍራለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ለዙህር ሶላት ታጥቦ፣ ዉዱእ አድርጎ ሲመለስ መኪናዋ መንገዱን ዘግታበት ወደ ሎደሩ መተላለፊያ ወጣ። ሎደሩ ያለ ምንም ድምፅ ወደ ኋላ መጣ። "ያ ሐጂ! ያ ሐጂ!" እያሉ ሰዎች ጮኹ። አባቴ ዘሎ መኪናዋ ላይ ተለጠፈ። ጎማው ከእግሩ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ።

ኃላፊው ከቢሮው ሮጦ ወጣ። ለአባቴ የደነገጠ መስሎኝ ነበር። በመሐረቡ የመኪናዋን በር ወለወለና "ማነው የጫራት?" አለ።

"እኔ ነኝ፣ ይቅርታ" አለ አባቴ።

ከሰዓት በኋላ የዕለቱን ቅጽ ሰጠኝ። ሞልቼ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የምልከው እኔ ነኝ። "የእግረኛ መንገዱ ክፍት ነው?" የሚል ጥያቄ አለው። "አዎ በልና ኸላስ" አለኝ ኃላፊው፣ ወደ ቢሮው እየገባ።

አባቴ ጠጋ ብሎ "ፈርም ልጄ" አለኝ በሹክሹክታ። "የኢቃማ ወረቀቴ የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ነው። ሙሽኪላ አታምጣብኝ።"

"አባባ፣ አሁን ልትሞት ነበር እኮ።"

"አልሞትኩም አይደል?"

በጥሩ የእጅ ጽሕፈት "አይደለም፤ የኃላፊው መኪና ቆማበታለች" ብዬ ጻፍኩ። የሎደሩ ሽቦ መቆረጡንም ጨመርኩበት። ላክሁት። ያን ቀን ግቢው ካለበት ከራካ ወደ አል ፈይሰሊያ ቤታችን ስንመለስ አባቴ አውቶቡሱ ውስጥ ከእኔ ርቆ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት ለኃላፊው ተደወለለት። "ሃደር፣ ሃደር" እያለ እሺታውን ሲደጋግም፣ ስልክ ላይ ጎንበስ ቀና ሲል በመስኮቱ አየሁት። መካኒክ መጥቶ ሽቦውን ቀጠለ። የአባቴን የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ሁለት ሳምንት መሳቢያው ውስጥ አሳድሮ ኋላ ፈረመው፤ ለመበቀል እንኳ ወኔ የለውም።

ስልኩ በተደወለበት ጠዋት ግን መኪናዋን አሥር እርምጃ ወደ ፀሐዩ አወጣት። ከዚያ መስታወቷን የሚከልልበት ካርቶን እንዲያመጣ አባቴን አዘዘው። አባቴ ካርቶኑን ራሱ ላይ አድርጎ በመስመሮቹ መካከል፣ በጥላው፣ ይመጣል።

"ያላ፣ ያላ!" ይላል ኃላፊው፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ።

አባቴ አልፈጠነም።