ሰሙ ያልወጣለት ጨርቅ

እናቴ ለባቲክ ያላት ስም አንድ ብቻ ነበር፤ «ቡትቶ»። ያኔ ወጣቱ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅ የሚባልበት ዘመን ነበር። እኔም ፍኖተ ሰላም ሥልጠና ወስጄ ተመለስኩና ማንኩሳ ጓሯችን ውስጥ በእናቴ ብረት ድስት ሰም ማቅለጥ ጀመርኩ። ነጭ አቡጀዴ ላይ በቀለጠ ሰም ይሣላል፤ ጨርቁ ቀለም ውስጥ ይነከራል፤ ሰም የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ጨርቁ ተቀቅሎ ሰሙ ይወጣል። እናቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «ልታወጪው ምን ያስቀባሻል?» አለች።

በጥቅምት የወንድሜ ልጅ ክርስትና ደረሰ። ዳሱ ውስጥ፣ ከቄሶቹ ጀርባ የሚሰቀል ትልቅ ባቲክ ልሥራ ብዬ እናቴን ለመንኳት።

«ይሁን» አለች። «ሰው የሳቀብኝ እንደሆን ግን ብረት ድስቴን ትመልሻለሽ፤ አንቺም እንደ እኩዮችሽ መምህርነት ትመዘገቢያለሽ።»

እኔን መምህር፤ ክር እንኳ ሲወሳሰብብኝ በጥርሴ የምበጥሰውን።

ንጹሕ ሰም ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ጠጅ ቤት ሄጄ ሰፈፍ ለመንኩ፤ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈውን፣ የማሩ ሽታ ያልለቀቀውን ሰም። አደይ አበባና ዶሮ ሣልኩበት። ዶሮዋ በግ መሰለች፤ ቀለም ሲነካት ትስተካከላለች ብዬ ተውኳት። አልተስተካከለችም። በዋዜማው ልቀቅለው ድስቱን ይዤ ብሄድ፣ ምድጃው ሁሉ ወጥ ተጥዶበታል። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች፣ «ለቡትቶ የሚሆን እሳት የለኝም» ብላ መለሰችኝ። ንድድ አልኩና እንደ ቁርበት የደረቀውን ጨርቅ ከነሰሙ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ቄሶቹ ከበጓ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። ፀሐይ ዳሱን ስታሞቀው ሰሙ መሽተት ጀመረ። እንጀራው እየታደለ ሳለ እምም የሚል ድምፅ መጣ፤ አባቴ ብቻ ቀና አለ። ወዲያው የንብ መንጋ ግር ብሎ ገባና ጨርቁ ላይ ሰፈረ። እንግዳው ጨርቄን ማቄን ሳይል ወጣ። ትልቁ ቄስ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ በሌላ እጃቸው ቅልጥማቸውን እንደያዙ በጓሮ በኩል ሄዱ። እናቴ ከጠላው ጋን ኋላ ተደበቀች። እኔ አበቃልኝ አልኩ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ሁሉ ታየኝ።

አባቴ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ዋንዛው ላይ ባዶ ቀፎ አለው፤ በየዓመቱ ሰም ይቀባዋል፣ ያጥነዋል፣ አንዲት ንብ ዞር ብላ አይታው አታውቅም።

«በጓ ላይ ሰፈሩ» አለ ቀስ ብሎ።

«ዶሮ ናት» አልኩ።

ቀፎውን አስወርዶ፣ በጭስ እያባበለ መንጋውን ከጨርቁ ላይ አራገፈበት። እኛ ዘንድ ንብ ራሷ ፈልጋ የመጣችበት ቤት በረከት ገባው ይባላል። የሸሸው ሰው አንድ አንድ እያለ ተመለሰና እናቴን እንኳን ደስ ያለሽ ይላት ጀመር። በጨርቁ የሳቀ ሰው አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ምርቃቱን ሁሉ ተቀበለች፤ ስለ መምህርነቱም ትንፍሽ አላለችም።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም ሲጠባ፣ አዲስ አቡጀዴ አጥፋ ይዛ ወደ ጓሮ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «እንደዚያ ያለ ሥሪልኝ» አለች። እንባዬ መጣ። እናቴ፣ የገዛ እናቴ፣ ባቲክ አዘዘችኝ። ምን እንድሥልላት ጠየቅኋት።

«የፈለግሽውን» አለች። «ብቻ እንዳትቀቅይው።»