ወንድሙን የሚፈልገው ሰውዬ

የፊልሙ ሦስተኛ ክፍል ናይሮቢ መግባቱን ያወቅኩት ማታቱ በሚሉት የከተማ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ጊጊሪ ካለው መሥሪያ ቤቴ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስመለስ መሃል ከተማ ላይ የመኪና ጃም ያዘን። በመስኮት ቀና ስል ያ የፊልሙ ሰውዬ አሮጌ ጀልባው ላይ ቆሞ ከሲኒማ ቤቱ ግንባር ላይ ተሰቅሏል። ሸምግሏል። ሁለተኛውን ክፍል ሲኒማ ቤት ካየሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ወርጄ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ሌላ ማታቱ ቆሞ መጠበቅ ስላቃተኝ ቤቴ እስካለበት ኪሌሌሽዋ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እኔ ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ያን ሳምንት ግን ባሰብኝ።

ያባሰብኝ አባቴ ነው። ዓይኑን ሊታከም ከአዲስ አበባ መጥቶ እኛ ዘንድ አርፏል። አንዱ ዓይኑ ተሸፍኗል፣ በሌላው የሚያየው ጥላ ጥላውን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ያሳየኝ እሱ ነበር። ልጅ ሳለሁ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ወስዶ አጠገቡ ያስቀምጠኝና፣ ተዋናዮቹ የሚሉትን በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። ሰውዬው ታናሽ ወንድሙ ጠፍቶበታል ይለኛል። ወርቁም፣ በዱር የተዋጠው ከተማም፣ የሚያሳድዱት ሽፍቶችም መንገድ ላይ የሚያጋጥሙት ነገሮች ናቸው፤ ዋናው ወንድሙ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ጀልባው ባዶውን ወደ ባሕር ወጣ። አላገኘውም እንዴ ብዬ አለቀስኩ። "በሚቀጥለው ያገኘዋል" አለኝ አባቴ።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ እንግሊዝኛዬ ጠና አለና ካሴቱን ተከራይቼ አየሁት። ወንድም የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው ወርቅ ፈላጊ ነው፣ በቃ። ለካ አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም ኖሯል። ሲዋሸኝ ኖሯል ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩት፤ በአራተኛው ቀን ግን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ ፊት ቆሜ ነገሩ ገባኝ።

ፎቶው የአጎቴ ነው፣ የአባቴ ታናሽ። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ጠዋት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። እኛ ቤት ግን አልሞተም፤ መርዶ አልመጣማ። በእኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው ሲረዳ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ገና ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው ገብተው ቃሉን ሲናገሩት፣ ያን ጊዜ ይለቀሳል፣ ሰው ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል። ያለዚያ እንባ እንኳን አይፈቀድም። የአባቴ እናት ዓይኗ በር በር እንዳየ አለፈች። ዘመድ "እንግዲህ እርማችንን ብናወጣ" ሲል አባቴ "ማን አረዳን?" ይልና ጥሎ ይወጣል። እንደዚያ ሆኖ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

የእኔ እንጀራ ደግሞ አስተርጓሚነት ሆነ። ከአገሩ የተሰደደ ሰው ታሪኩን ሲናገር ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ሕጉ አንድ ነው፦ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ሰዎች በፊቴ እያለቀሱ ስንቱን ሲናገሩ አንዲት ቃል አስተካክዬ አላውቅም፤ በዚህም እኮራለሁ።

ማስታወቂያውን ማየቴን ስነግረው አባቴ ሶፋው ላይ ቀና አለ።

"እንግዲህ ያገኘዋል ማለት ነው" አለ።

ፊቱን አየሁት። ይቀልዳል? የሚቀልድ አይመስልም። ወንድም የሚባል የለም ልለው አስቤ፣ ተነሥቼ ሻይ ላፈላ ሄድኩ። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ በማግስቱም ሥራ ላይ አንድ ሰው የነገረኝን ሁለቴ አስደገምኩት።

"ምን አቁነጠነጠህ?" አለችኝ ባለቤቴ። "ፊልም እኮ ነው። ቲኬቱን ቡክ አድርግና ውሰዳቸው። ደግሞ በታክሲ፤ ማታቱ ላይ እንዳትጥላቸው።"

"ከጠየቀኝስ?"

"እውነቱን ትነግራቸዋለህ፤ ወይ ዝም ትላለህ።"

ለእሷ ቀላል ነው። አባቴ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል፣ ዓይኑም ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። አራተኛ ክፍል ደግሞ አይኖርም፤ ሰውዬው ራሱ አርጅቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ ገባን። በጆሮው የሚባለውን እንዳለ ነገርኩት። ጀልባው ተነሳ፣ ሽፍቶቹ ተከተሉት፣ ድልድዩ ተበጠሰ። በመካከል ፈንዲሻ ልግዛ ብዬ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሽንት ቤት ብዬ ወጣሁ። "አርፈህ ተቀመጥ" አለኝ። ስለ ወንድምየው አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ይህ ደግሞ ይባስ አስጨነቀኝ።

መጨረሻው ላይ ሰውዬው ብቻውን ዋሻ ውስጥ ገባ። ችቦውን ከፍ ሲያደርግ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ አጽም ታየ። በፊልሙ የጥንት ወታደር ነው፤ የወርቁን በር ቁልፍ በጣቶቹ ይዟል። አባቴ ወደ ፊት አጎነበሰ።

"ነጭ ነገር ይታየኛል" አለ። "ምንድነው?"

"አጽም ነው።"

"የማን?"

ሰውዬው ተንበርክኮ "ቁልፉ እዚህ አለ" አለ። እኔም ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ "ወንድሜ፣ እዚህ ነበርክ? ነው የሚለው" አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ የለ፣ ጎህ የለ፤ ጭኔ ላይ ፈንዲሻ ይዣለሁ። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ይዤው ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘና፣ "ነገ ሰው ጥራ፤ ለወንድሜ ለቅሶ እንቀመጥለት" አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ሞላ። ሶፋውን ወደ በረንዳ አወጣን፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው ምግብ በየድስቱ ይዘው መጡ፣ ዘበኛችን እንኳን በስዋሂሊኛ "ፖሌ ሳና"፣ በጣም አዝናለሁ፣ እያለ ገብቶ ጥግ ተቀመጠ። ለሠላሳ ዓመት ሟች የማያውቁት ሰዎች አለቀሱለት። እኔ ሻይ ላቅርብ እያልኩ ከኩሽና ሳሎን እመላለሳለሁ፤ ከየት ሰማችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳይመጣ ነው ፍርሃቴ። ሲኒማ ቤት ልል ነው?

አንድ በዕድሜ ከአባቴ የማያንሱ ነጋዴ ጠየቁ። "ለመሆኑ ማን አረዳዎት?"

ትሪውን ይዤ ቆምኩ። አባቴ የተሸፈነ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

"ልጄ ነው" አለ። "እኔ ግን በጠፋ በዚያው ሳምንት መሞቱን ሰምቼ ነበር። ለእናቴ መንገር አቃተኝና ስትጠብቅ ሞተች።"