የማያስል ሰው ፍለጋ ወደ አቃቂ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሄድኩት ለመመረቂያ ጥናቴ ነው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ ሰዎችን ሳል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን በሚባል፣ የሥራ ክፍሉ የማሳል ዕድልን ስንት እጥፍ እንደሚጨምር በሚገምት ስሌት እያጠናሁ ነበር። ከሌሎች ክፍሎች የሚያስልም የማያስልም አግኝቻለሁ። ጥጥ ከሚፍታታበት አቧራማ ክፍል ግን ያገኘሁት ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው፤ ዘጠኙም ያስላሉ። ከዚያ ክፍል አንድ እንኳ የማያስል ሰው ከሌለ ስሌቱ ማረፊያ ያጣል፤ ግምቱ ማለቂያ ወደሌለው ቁጥር ይሸሻል፣ የስህተቱ ልክም አብሮት ይገዝፋል። ኮምፒውተሩ በመጨረሻ የሰጠኝ መልስ "ልዩነቱ አልተረጋገጠም" የሚል ነው። ሁሉም ስላሳሉ ሳላቸው አልተረጋገጠም!

"ሰው ጨምሪ" አሉኝ አማካሪዬ።

ከቃሊቲ በኋላ መንገዱን የጭነት መኪና ዘግቶት ስለነበር አቃቂ በሰቃ የደረስኩት ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። በፋብሪካው የሠራተኛ መዝገብ ይይዙ የነበሩት ወይዘሮ ዘነበች አሁን ትንሽ ሱቅ አላቸው። የያዝኩትን የዚያን ክፍል ሠራተኞች የስም ዝርዝር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

"ይሄ አርፏል። እሷም አርፋለች። ይሄ አገሩ ገባ፤ እዚያው ሞተ ሲሉ ሰማሁ።" ጣታቸው ታች ደርሶ ቆመ። "ጉደታ ግን አለ። ኮዬ ፈጬ ልጁ ጋ ነው። ደህና ነው ይላሉ።"

ስድስት ሰዓት ላይ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። አቶ ጉደታ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሰላም አሉኝ፤ አላሳሉም። ልቤ ዘለለች። የመጣሁበትን አስረዳኋቸው።

"አባባ፣ ያስልዎታል?"

"ምን ብልሽ ነው የሚጠቅምሽ?"

"እውነቱን።"

"እንግዲያው አያስለኝም፤ ጻፊ።"

ለሚያስል አንድ፣ ለማያስል ዜሮ ነው የምጽፈው፤ ዜሮ ጻፍኩ። ልጃቸው ሻይ ይዛ መጣችና ወረቀቱን አየችው። "አባዬ ከፋሲካ ወዲህ ደረጃውን አልወረደም እኮ" አለችኝ ቀስ ብላ። አቶ ጉደታ ልሸኝሽ ብለው ሲነሱ ሳል ያዛቸው። ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያልፍላቸው ድረስ አሳሉ።

"አንድ የማላስል ሰው ብሆንልሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጄ" አሉኝ።

ዜሮውን ሰርዤ አንድ ጻፍኩ።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ አሥረኛውን ሰው አስገባሁ፤ ግምቱ እንደገና ሸሸ። በማግስቱ አማካሪዬ ለትንሽ ናሙና የሚሆን፣ ግምቱን ጎትቶ የሚይዝ ሌላ ዘዴ አሳዩኝ። ቁጥሩ ቆመ፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ግምት ያለው ርቀት ግን በጣም ሰፊ ስለሆነ አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር አልሰጠኝም። ናሙናዬ ያነሰው እኔ ስለሰነፍኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሰዎቹ አልቀው ነው። ወይዘሮ ዘነበች በጣታቸው ያለፏቸው ሰዎች ያስሉ እንደነበር ማንም አልመዘገበም፤ እኔም አሁን ልጠይቃቸው አልችልም። ጥናቱን ከዚያ ክፍል አሥር ሰው ብቻ ይዤ አስረከብኩ።