ጠረጴዛ በምን ይቆለፋል?

የንግድ ምክር ቤታችን ፀሐፊ በዓመቱ መጽሔት ላይ ስለ አንድ አባል ጻፊ ስትለኝ፣ እኔ ከክርና ከመርፌ ሌላ ምን አውቃለሁ አልኳት። «የምታውቂውን ሰው ጻፊ» አለችኝ። እኔ የማውቀው ጋሽ ዚፕን ነው። ሰው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው። ካበላሸሁት ይቅርታ።

ጋሽ ዚፕ ከሱቄ አጠገብ ካለው ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የቦርሳና የጃኬት ዚፕ ይቀይራሉ። ያላቸው ዕቃ ጉጠት፣ የሻማ ቁራጭና በቆርቆሮ የተጠራቀመ የዚፕ ራስ ነው። ሻማዋን አሸት አሸት አድርገው ሲስቡት ዚፑ ሸርተት ይላል። የአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊታቸው ስለሆነ፣ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው እሳቸውን ሲያይ የተበላሸ ዚፑ ትዝ ይለዋል።

ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። ሴት ልጃቸው ሩቅ ነው የተዳረችው። በቀን የሚያወራቸው ሰው ቢኖር ያ ተሳፋሪ ነው። ዚፑ ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። እኔም ጎረቤት ሆኜ ከ«እንዴት አደሩ» አልፌ አላውቅም ነበር። አፍሬ እንጂ ጠልቼ አይደለም።

አንድ ቀን ማቆሚያው ወደ አዲሱ ሕንፃ ጀርባ ሊዛወር ነው የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጋሽ ዚፕ ማዘጋጃ ቤት ሁለቴ ሄዱ፤ ሁለቴም ጥበቃው ከበር መለሳቸው። «ከየት መሥሪያ ቤት ነው የመጡት?» ሲላቸው «ከደረጃው ሥር» አሉ አሉ።

ከዚያ ምክር ቤቱ ስብሰባ ጠራ። እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ። ስብሰባ የሚገባ ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን በሩ አጠገብ ሰሌዳው ላይ ይሰቅላል። ድሮ ግማሹ ሲሰበሰብ ግማሹ ደንበኛ እየወሰደበት ጠብ ተነስቶ ነው አሉ። ቁልፍ ያልሰቀለ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ጋሽ ዚፕ በር ስለሌላቸው ሁሌም መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰምተው ነው የሚሄዱት።

ሰብሳቢያችን ጣውላ ነጋዴው «ማቆሚያው ቢሄድ ምን ይጎድልብናል? እንደውም ዕቃ ማራገፊያ እናገኛለን» አለ። ብዙው ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔ ቁልፌ ተሰቅሎ አፌ ተዘግቶ ነበር።

ጋሽ ዚፕ ተነሱ።

«ጋሼ፣ ቁልፍስ?» አላቸው ሰብሳቢው።

«ኧረ ተዋቸው፣ ጠረጴዛ በምን ይቆለፋል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሰው ሳቀ።

እሳቸው ከደረት ኪሳቸው አንድ ቁልፍ አውጥተው ሄደው ሰቀሉ። ከኔ ቁልፍ ጎን ነው የሰቀሉት።

«የምን ቁልፍ ነው?»

«የቤቴ ነው። ማንም የለበትም። እኔ እዚህ ካለሁ ዝግ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ፀሐፊዋ ደንቡን ገለጥ አድርጋ «የዘጋበትን ቁልፍ ይላል እንጂ የሱቅ አይልም። ይናገሩ» አለች።

ጋሽ ዚፕ ወደ ሰው ዞሩ። «ዚፕ እስክቀይር የሚጠብቅ ሰው የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ቦርሳው እኔ ጋ ነው፣ ርቆ አይሄድም። ክር ቤት ይገባል። ፀጉሩን ይስተካከላል።»

«ጣውላ ግን አይገዛም!» አለ ሰብሳቢው።

«አንተ ጋ ደግሞ ጣውላው ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ» አሉት። ፀጉር አስተካካዩ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ከዚያ ማቆሚያው አይነሳ የሚል ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ፣ ሁላችንም ፈረምን።

ስንወጣ ተቻኩዬ ቁልፌን ይዤ ሮጥኩ። ሱቄ ደርሼ ብሞክር እምቢ አለኝ። የሳቸውን ነበር ያነሳሁት። ስመለስ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ጋሽ ዚፕ ብቻቸውን ሰሌዳው ሥር ቆመዋል፣ የኔን ቁልፍ በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ምነው ጋሼ፣ አይጠሩኝም?»

«ትመለሻለሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ባልመለስስ? ቤት የሚከፍትልዎት ሰው አለ?»

ቁልፌን ሰጥተውኝ፣ የሳቸውን ተቀብለው ወጡ። ባልናገረው ይሻል ነበር ብዬ እስከ ሱቄ አዘንኩ።

ደብዳቤውን ፀሐፊዋና ሰብሳቢው ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። እነሱን ጥበቃው አልመለሳቸውም። በወሩ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው መንገዱን አዩት፣ ለኩት። ማቆሚያው እዚያው ይቆይ ተባለ። ጋሽ ዚፕ ሲነገራቸው «ይሁን» ብለው የያዙትን ዚፕ ጨረሱ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄ ገብተው አንዲት ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ትርፍ ናት» አሉ። «እንዲያው አንድ ቀን እኔ ካልመጣሁ…» አሉና አልጨረሱትም። እኔም ጨርሱት አላልኩም።

ከክሮቹ ኋላ ሚስማር መትቼ ሰቅያታለሁ። እስካሁን አልተጠቀምኩባትም። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛቸው ሲዘረጋ እስክሰማ ድረስ ግን ዓይኔ እሷ ላይ ነው።