«በሞቴ፣ አይነሡ» ያልናቸው ሰው

የቡሬው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ጋሽ ይስማው፣ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው ማረፋቸውን ያልሰማችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙት። ከሽንዲም ከየገጠሩም የምትመጡ ባለጉዳዮች ዛሬም በበሩ ብቅ እያላችሁ «ጋሽ ይስማው የሉም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። አንድ በአንድ ማርዳት ደከመኝ። ስለዚህ ለሁላችሁም በአንድ ጊዜ ጻፍኩት። እኔ አጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ለዓመታት የሠራሁ፣ ሥራውንም ከእሳቸው የተማርኩ ነኝ።

ጋሽ ይስማው ዕድሜያቸውን የፈጁት ወንበር ላይ ነው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንድ እግራቸው አብጦ ታመው ነበር። ያን ጊዜ ያከመቻቸው ነርስ የነገረቻቸውን እንደ ዳዊት ይደግሙት ነበር፦ «ደም ቁልቁል መውረድ አያቅተውም፤ ሽቅብ የሚገፋው ባት ነው። ባት ደግሞ ካልተንቀሳቀሰ አይሠራም።» ከዚያ ወዲህ ማህተሙን በር አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ የውሃ ጀሪካኑን በወዲያኛው ጥግ አደረጉ። ማህተም ለመምታት አንድ መንገድ፣ ውሃ ለመጠጣት ሌላ መንገድ። ተቀምጠው ሲጽፉም ተረከዛቸውን ከጠረጴዛው ሥር ያነሡ ይጥሉ ነበር። እኔን እግሬን አነባብሬ ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ፍቺው እንጂ! ለደሙም መንገድ ተዪለት» ይሉኛል።

ዋናው መድኃኒታቸው ግን የአገራችን ወግ ነበር። ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ፤ ለሽማግሌውም ለጎረምሳውም። «ለዚህ ሁሉ ወጣት እንዴት ይነሣሉ?» ብላቸው ሳቁ። «ለእሱ ክብር ነው፣ ለእኔ ደግሞ መድኃኒት» አሉኝ። አሮጊት ስትመጣ የራሳቸውን ወንበር ለቀው ያስቀምጧትና ፋይሏን ቆመው ይፈልጉላት ነበር። ሲጨርሱም እስከ በሩ ይሸኟታል።

ጥፋቱ የመጣው ከአክብሮት ነው። ፀጉራቸው ሲሸብት፣ እሳቸውን ማስነሣት ለገበሬው ነውር ሆነበት። ገና ከደጃፉ «ኧረ በሞቴ፣ አይነሡ! በማርያም ይቀመጡ!» ይላል። በሞቴ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ከወገባቸው ብድግ ብለው መልሰው ይቀመጣሉ። እኔም ከገበሬው አልተሻልኩም። የመሬት ደብተር እድሳት መጥቶ ሰልፉ ግቢውን የሞላው ሰሞን፣ ሽማግሌ ሰው ሲመላለሱ ማየት ከበደኝና ማህተሙን አምጥቼ ከክንዳቸው ሥር አስቀመጥኩላቸው። ውሃውንም በብርጭቆ አቀረብኩ። «ተባረኪ ልጄ፤ ደክሞኝ ነበር» አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አደራ ግን ነበረብኝ። «ሥራ ሲበዛ እረሳለሁና በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ በዪኝ» ብለውኝ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ጊዜ እንኳ አላልኩም። አባቴ የሚሆኑትን ሰው «ተነሡ» ብሎ ማዘዝ አፌ እምቢ አለኝ።

ማህተሙን ባቀረብኩላቸው በአምስተኛው ቀን ግራ ባታቸው አብጦ፣ ግሎ፣ መርገጥ አቃታቸው። ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ በእግራቸው የረጋው ደም ወደ ሳንባቸው ሄዷል ተባለ። ሐኪሙ «የቆየ ሕመም ነበረባቸው፤ በመቀመጥ ብቻ መጣ ማለት አይቻልም» ብሎ አጽናናኝ። ላምነው እፈልጋለሁ፤ አልሆነልኝም። ልጠይቃቸው ስሄድ አልቅሼ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ማህተሙ የት ነው ያለው?»

«ጠረጴዛዎ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ወደ በሩ መልሺው። ከእንግዲህ ወንበሩ ያንቺ ነው።»

የሰማኋቸው የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው።

ጋሽ ይስማው፣ ወንበርዎ ላይ ተቀምጫለሁ። ወደ ማምሻው ጫማዬ ይጠብበኛል፣ እግሬም ይከብደኛል፤ የሚሉኝ የነበረው ሁሉ አሁን ገባኝ። ማህተሙን ወደ በሩ መልሼዋለሁ። «በሞቴ፣ አይነሺ» የሚለኝ ገበሬ ቢመጣም «በሞቴ አትበለኝ» እያልኩ እነሣለሁ። አንዲት ቃል ፈርቼ ዝም ስላልኩ ይቅር ይበሉኝ። በቀብርዎ ዕለት አስከሬንዎ ሲያልፍ ገበያተኛው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ «ኖር» ያላቸው ግን አልነበረም። እነሆ፣ እኔ ከወንበርዎ ተነሥቼ እላለሁ፦ ኖር፣ ጋሽ ይስማው! «በእግዜር» ብሎ የሚመልስልኝ የለም። ቢሆንም ቶሎ አልቀመጥም።