ዓይኗ የሚፈራው ናርዲ

ናርዲ አንድርያስ በሰሜን ኮለምበስ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነፍሰ ጡሮችን በአልትራሳውንድ የምታይ ባለሙያ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በሥራው ላይ ስምንት ዓመት ቆይታለች፤ በቀን ዘጠኝ ወይም አሥር እናቶች ታያለች። ከተማው ውስጥ ካለው ሐበሻ ብዙው ቡዳ ናት ይላታል።

ቡዳ የሚባለውን ነገር የሚያምኑ ሰዎች በጥሞና ሲያስረዱ መስማት እጅግ ደስ ይላል፤ ደንቡ እንደ ሕግ መጽሐፍ የተሟላ ነው። ቡዳነት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ብረት በሚቀጠቅጥና ሸክላ በሚሠራ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛል። የሚሠራው በዓይን ነው፤ በተለይ ያማረ ልጅ፣ የሚበላ ሰው፣ ያረገዘች ሴት ዝም ተብሎ ሲታይ። የታየው ሰው «ተበላ» ይባላል። መድኃኒቱም አለ፦ የበላው ሰው ራሱ መጥቶ በበሽተኛው ላይ እንትፍ ካለ በሽተኛው ይድናል። አስቸጋሪው ቦታ እዚህ ነው። እንትፍ ያለ ሰው፣ በሽተኛው ዳነም አልዳነ፣ መብላቱን አመነ ማለት ነው።

የናርዲ አባት አቶ አንድርያስ ከቀጥቃጭ ቤት ነው የተወለደው። አያቱም አባቱም ለአገሩ ገበሬ ማረሻ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ይወስዳል፣ እቤታቸው ግን አይበላም። ናርዲ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች የጎረቤት ልጅ ታመመ። የልጁ ዘመዶች መጥተው አንድርያስን እንትፍ በል አሉት። «ልጅ አልበላሁም። ያልበላሁትን ከየት አምጥቼ ልትፋ?» አላቸው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በአራተኛው ቀን የአንድርያስ ቤት ተቃጠለ። ቤተሰቡ በሱዳን አድርጎ፣ ሁለት ዓመት መጠለያ ውስጥ ኖሮ፣ ኮለምበስ ገባ። አቶ አንድርያስ ኦቤትስ ውስጥ የጭነት መኪና ተጎታቾች የሚጠገኑበት ቦታ በያጅ ሆኖ ተቀጠረ። ከብረት አልራቀም።

በመጡ በዓመታቸው ከአገር ቤት ቀበሌያቸው የመጣች አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን አየቻቸው። ምን እንዳለች ናርዲ አልሰማችም። ያየችው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ በአዳራሹ ምግብ ሲቀርብ እናቶች ነጠላቸውን በሕፃን ፊት ላይ ይስባሉ፣ ጎልማሶች ሳህናቸውን ይዘው ዞር ይላሉ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። የሰባት ዓመቷ ልጅ ማን ወዴት እንደሚዞር እያየች ደንቡን ለብቻዋ ተማረችው፤ ወለል ወለሉን ማየትም ጀመረች። ያን ጊዜ ምን ይሰማት እንደነበር ስትጠየቅ ትንሽ ታስባለች።

«ምንም። ወለሉ አረንጓዴ ነበር» ትላለች።

አሥረኛ ክፍል ስትደርስ ነገሩን ኬትሊን ለምትባል አሜሪካዊት ጓደኛዋ ነገረቻት። ኬትሊን ዓይኗ በራ። «ዩ አር ኤ ሪል ዊች» አለቻት፤ እውነተኛ ጠንቋይ ነሽ ማለቷ ነው፣ በቅናትም ነው የተናገረችው። በማግስቱ ሐምራዊ ድንጋይ፣ ጥቁር ሻማና ዕጣ ፈንታ የሚነበብበት ካርድ አመጣችላት። እዚህ አገር በራሱ ፈቃድ ጠንቋይ ነኝ የሚል ብዙ ወጣት አለ፤ የጨረቃ ቀን ይቆጥራሉ፣ ቅጠል ያደርቃሉ፣ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ናርዲም ሁለት ዓመት ያህል ገባችበት። አንድ ቀን አቶ አንድርያስ ክፍሏ ገብቶ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን ሻማዎች አየ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«ዊች መሆን እየተለማመድኩ ነው።»

አባትየው አንዱን ሻማ አንስቶ ከሥሩ የተለጠፈውን የሱቅ ምልክት አነበበ። «እኛን ሰው በነፃ ነው ያደረገን። አንቺ ከሱቅ ገዝተሽ ትሆኛለሽ?»

«ኢትስ ዲፈረንት፣ ዳድ።»

«እሺ። መጋረጃውን እንዳታቃጥዪው።»

ሻማዎቹ ያለቁ ዕለት ሌላ አልገዛችም። ከካርዶቹ ውስጥ አንዱ አልጋ ሥር ጠፋ፣ አልፈለገችውም። ኬትሊን ሌላ ጓደኛ ያዘች።

የአልትራሳውንድ ሥራን የመረጠችው ትምህርቱ አጭር ስለሆነ ነው። ሰው ለሥራው ትርጉም ሲፈልግለት ትከሻዋን ትሰብቃለች። መሣሪያው ግን ሊብራራ የሚገባው ድንቅ ነገር ነው። ስሙ ምስል ማንሻ ይባል እንጂ የሚሠራው በድምፅ ነው። ባለሙያዋ በእጇ የያዘችው መሣሪያ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሆድ ውስጥ ይልካል፣ የሚመለሰውንም ያዳምጣል። አጥንት ድምፁን አጥብቆ ስለሚመልስ ስክሪኑ ላይ ነጭ ይሆናል። ውሃ ምንም ስለማይመልስ ጥቁር ይሆናል። የሕፃኑ ፊት፣ ጣቶች፣ አራቱ የልብ ክፍሎች ሁሉ የሚሣሉት ከዚህ ምላሽ ነው። ማህፀን ውስጥ በዓይን የታየ ነገር የለም፤ ተሰምቶ ነው የተሣለው። ናርዲ ይህን አንድ ጊዜ ለአንዲት ሐበሻ እናት አስረዳቻት። እናቲቱ ጨርሳ ሰማችና፣ «ታዲያ ስክሪኑን የምታይው በምንሽ ነው?» አለቻት።

ሥራው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። ያየኸውን አትናገርም። ውጤቱን የምትናገረው ሐኪሟ ናት። ስለዚህ ባለሙያዋ ፊቷን አስተካክላ፣ ዝም ብላ ትለካለች። እኛ ዘንድ ደግሞ ሕፃን ያየ ሰው «ማርያም ትጠብቀው» ይላል፤ አይቶ ዝም ያለ ሰው ነው የሚፈራው። የሆስፒታሉ ደንብና የእናቶቹ ደንብ ናርዲ ፊት ላይ በየቀኑ ይጋጩ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ቃልኪዳን የምትባል ወጣት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና መጣች። ናርዲ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አኖረች። የፅንሱ ልብ ቆሟል። እንደ ደንቡ ለካች፣ ጻፈች፣ «ዶክተሯ ትመጣለች» ብላ ወጣች። ቃልኪዳን ከዚያ ቀን ያስታወሰችው የናርዲን ፊት ነው። ወሬው በሳምንት ውስጥ ተዳረሰ።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቃልኪዳን እንደገና አርግዛ፣ ስምንት ወር አልፏት መጣች። ልጇ ከትናንት ቀን ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ባሏ ቢሩክ የጭነት መኪናውን ይዞ ቴኔሲ ነበር፤ ያመጣቻት አማቷ እትዬ ሸዋረጋ ናት። ነርሶቹ ሆዷ ላይ ቀበቶ አስረው የልብ ምት ሰምተዋል፤ ልብ አለ፣ አመታቱ ግን ሐኪሟን አላስደሰታትም። አሁኑኑ በአልትራሳውንድ ይታይ ብላ ሌላ እናት ወደምትጠብቃት ኦፕራሲዮን ክፍል ሮጠች። ምስሉ መልካም ካልሆነ ልጁ ዛሬውኑ መውጣት አለበት። ቅዳሜ አንድ ባለሙያ ብቻ ነው ያለው። ሌላዋ የምትመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ናርዲ በሩን ስትከፍት ቃልኪዳን ልብሷን ሆዷ ላይ ሳበችው።

«እሷ አታየኝም» አለች።

እትዬ ሸዋረጋ ተነሥታ በምራቷና በናርዲ መካከል ቆመች። «ሌላ ሰው የላችሁም?»

«ሰባት ሰዓት ላይ ትመጣለች እትዬ።»

«እንጠብቃለን።»

«ዶክተሯ አሁን ይታይ ብላለች።»

«ያኔም አሁን ይታይ ብለው ነው» አለች ቃልኪዳን ከአማቷ ጀርባ። «ዝም ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ልጄ የለም።»

«ከማየቴ በፊት ነው ልቡ የቆመው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አይፈቀድልንም።»

«አይፈቀድልንም ትላለች» አለች እትዬ ሸዋረጋ። «ማርያም ትጠብቀው ማለት ነው የማይፈቀደው? እሱን የከለከለ ሕግ የት አለ?»

ናርዲ አሰበች። እንዲህ ያለ ሕግ የለም።

አሮጊቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቁጣ አልነበረባትም፤ የምትለምን ትመስል ነበር። «የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝና ትተኛልሻለች። እንትፍ በይባት።»

ናርዲ የግድግዳውን ሰዓት አየች። አራት ሰዓት ከአርባ ይላል። አባቷ ለዚህ ጥያቄ እንቢ ብሎ ቤቱን እንዳጣ ታውቃለች፤ እንቢታው በቤታቸው ውስጥ ያለ ብቸኛ ቅርስ ነው። እሺ ብትል፣ ከነገ ጀምሮ በዚህ ከተማ ውስጥ ቡዳ መሆኗን በራሷ አፍ ያመነች ሴት ናት። እንቢ ብትል ቃልኪዳን እስከ ሰባት ሰዓት ትቀመጣለች። በኋላ ስታወራው በዚያች ደቂቃ የተሰማት የክፍሉ ማቀዝቀዣ ድምፅ ብቻ እንደነበር ትናገራለች።

ጭምብሏን አወረደች። ቃልኪዳን ልብሷን ገለጠች። ናርዲ በደረቅ ከንፈር፣ «እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ» አለች።

«አሜን» አለች እትዬ ሸዋረጋ፣ ወንበሯ ላይም ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ነው። ጄሉን ቀባች። ሆድ ውስጥ ያለችው ልጅ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋለች። ልብ አለ። ባለሙያ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚፈልገው ጥቁሩን ነው፤ ሕፃን የሚዋኝበት የሽርት ውሃ በአራት ቦታ ጥቁር ኩሬ ሆኖ መታየት አለበት። የአራቱ ጥልቀት ሲደመር ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ይጠበቃል። ናርዲ ሁለት ጊዜ ለካች። ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ አልሞላም። ልጅቷ እጇን አላነሳችም።

«ዝም አትበዪኝ» አለች ቃልኪዳን።

«ልቧ ይመታል። ማርያም ትጠብቃት። ዶክተሯን ልጥራት።»

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ልጅቷ በኦፕራሲዮን ተወለደች። ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም። ለማልቀስ ትንሽ ዘገየች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ናርዲን አግኝታ እስከ ሰባት ሰዓት ቢቆይ ኖሮ ልጅቷ በሕይወት አትገኝም ነበር አለቻት። ናርዲ የሚቀጥለዋን እናት ስም ጠራች።

እትዬ ሸዋረጋ ያየችውን ለሰው ተናገረች፣ አንድም ቃል አልዋሸችም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነገሩ አልቆ ነበር፦ በልታ ነበር፣ መለሰች። ያልበላች ብትሆን ለምን ትተፋለች? ደግሞስ ያልበላች ብትሆን ልጅቷ በምን ዳነች? ሙግቱ በየት በኩል ቢዞሩት ቀዳዳ የለውም። አባቷ አልፈርምም ያለው ወረቀት ላይ ናርዲ በአንድ ቅዳሜ የፈረመች ያህል ነው።

አባቷ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ልትነግረው፣ በዚያው እሑድ ከሰዓት ከፍራንክሊንተን አፓርታማዋ ወደ ቤቱ፣ ወደ ሚነርቫ ፓርክ ነዳች። አቶ አንድርያስ የአጥሩን በር አውልቆ ሣር ላይ አስተኝቶ ማጠፊያውን ይፈታ ነበር።

«ተፋሁ አባዬ» አለችው። ለማንና ለምን እንደሆነም ነገረችው።

ብሎኑን ፈትቶ ጨረሰ። «ልጅቷስ?»

«ሁለት ኪሎ ከመቶ።»

«ትንሽ ናት።»

«ታድጋለች።»

መፍቻውን ሣር ላይ አኖረ። «የሞተው ልጅ ስሙ የእኔው ህብረት ነበር» አለ። ናርዲ የዚያን ልጅ ስም ሰምታ አታውቅም ነበር። «አምስት ዓመቱ ነው። ሳንባውን ነበር የታመመው፤ ሲተነፍስ ከደጅ ይሰማል። ብተፋም ይሞት ነበር።»

«አዎ፣ ይሞት ነበር።»

«እንትፍ ብዬ ሐኪም ቤት ውሰዱት ብል ግን ይሰሙኝ ነበር?»

ናርዲ አላውቅም አለችው። አባትየው ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ በሩን በዚያ በኩል እንድትይዝለት ጠየቃት። ከብዶ ነበር። ሁለቱም አንሥተው አቆሙት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰዎች ይደውሉላት ጀመር። ቁጥሯን ከየት እንዳገኙት አትጠይቅም። በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ለሥራ ስትዘጋጅ፣ ሄለን ነኝ ያለች ሴት ደወለችላት። ሰባት ወር ሆኗታል። እግሯና ፊቷ አብጧል፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል።

«ሰው አይቶኝ ነው። ቤቢ ሻወሬ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አንቺ እንትፍ ካልሽልኝ ይለቀኛል አሉኝ።»

«የደም ግፊትሽን ተለክተሻል?»

«አፖይንትመንቴ ሐሙስ ነው።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። አሁን ኢመርጀንሲ ሂጂ። የግፊትሽን ቁጥር ሲነግሩሽ ቴክስት አድርጊልኝ።»

«እንትፉስ?»

«ቁጥሩን ስትልኪልኝ እላለሁ።»

«አትረሺኝም?»

«አልረሳሽም።»

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ፣ ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እያለች፣ ቁጥሩ መጣ። መቶ ሰባ ሁለት በመቶ አሥራ አራት። እንዳትንቀሳቀሽ ብለው አስተኝተውኛል የሚል ጽሑፍ ተከተለው። ናርዲ ሁለቱንም አነበበች። ስልኩን ወደ አፏ አቅርባ የድምፅ መልእክት መቅጃውን ተጫነች፣ ሦስት ጊዜ እንትፍ አለች፣ ላከችው፣ መኪናዋን ቆለፈች።